ሕመምተኛን ስለ መጠበቅና ስለ አስታማሚ መሪነት

የሚነበበው ክፍል፦ ሉቃስ ምዕራፍ 10 ከቍጥር 25 እስከ 37፤ ሮሜ ምዕራፍ 16 ቍጥር 1 እና 2።

ይህን ትምህርት ለመጻፍ ያነሣሣን በጅቡቲ ከተማ በማዕከላዊ ገበያ የደረሰ አንድ ነገር ነው። ነገሩን በዐይናችን አየነው፤ በእጃችንም ልናበላሸው ጥቂት ቀርቶን ነበር። ይህን የምንለው ትሑታን መስለን ለመታየት አይደለም። ብዙዎቻችሁ የማኅበር ሽማግሌዎች፣ ወንጌላውያንና መምህራን እንደ መሆናችሁ፣ እኛን ያሰናከለን ነገር በየሰፈራችሁ እናንተንም ሳያገኛችሁ አይቀርም ብለን ስለምናስብ ነው።

ወደዚያ ከተማ የሄድነው በሥራና በስደት ምክንያት የሚኖሩትን የአገራችንን ሰዎች ለመጠየቅ ነበር። ጅቡቲን ያላየ ደገኛ ሙቀትዋን በወሬ ሊያውቀው አይችልም። በእኛ አገር ዝናብ በሚሆንበት ወራት በዚያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ከምድረ በዳ የሚነሣውና ኀምሲን የሚሉት ነፋስም እንደ እቶን ወላፈን ፊት ይለበልባል። ማዕከላዊው ገበያ ከሐሙዲ መስጊድ አጠገብ ነው። ሽንኩርቱም፣ ድንቹም፣ ቲማቲሙም አብዛኛው ከኢትዮጵያ ወርዶ የሚሸጥ ስለ ሆነ ደገኛው ሰው በዚያ ሲዘዋወር በባዕድ አገር የገዛ እርሻውን ያየ ይመስለዋል። ሶማልኛው፣ አፋርኛው፣ ዐረብኛው፣ ፈረንሳይኛው፣ አማርኛውና ኦሮምኛው ባንድነት ይሰማል።

ከቀኑ ወደ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን፣ የገበያው ሰው ጫት የሚደርስበትን ሰዓት በሚጠባበቅበት ጊዜ፣ ዕድሜው ከ20 ዓመት እምብዛም የማያልፍ አንድ ወጣት የሽንኩርት ጆንያ ተሸክሞ ሲያልፍ ጕልበቱ ከዳውና ከነሸክሙ ወደቀ። በቅዠት ከሚናገረው የወሎ ልጅ መሆኑን ተረዳን። እኛም አብረውን ከነበሩት ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሮጠን በአጠገቡ ተንበረከክን፤ እጃችንንም ጭነን መጸለይ ጀመርን። ቆዳው እንደ ምጣድ ይፋጅ ነበር፤ ላብ የሚባል ግን አልነበረበትም። ሰዉም እኛን ለማየት ዙሪያውን ከበበን። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በጣሳ ውሃ አምጥተው ጥርሱን እየፈለቀቁ ሊያጠጡት ታገሉ።

በዚህ ጊዜ አንዲት ሴት ሰዉን በክርንዋ እየገፋች ገባች። በኋላ እንደ ሰማነው ለብዙ ዓመት በነርስነት የሠራች የአገራችን ልጅ ናት። በአንገታችን ያለውን ነጭ ኮላር አየችና፣ «ቄስ፣ ጸሎቱን በልብዎ ይቀጥሉ፤ አሁን ግን ይነሡና ይህን ነጠላ ከበላዩ እንደ ጥላ ይያዙልኝ» አለችን። ወደ ሽማግሌውም ዞር ብላ፣ «አባቴ፣ ውሃውን ከአፉ ያርቁት፤ ራሱን የሳተ ሰው አይጠጣም፤ ወደ ሳንባው ይገባል። ያንኑ ውሃ በደረቱ ላይ ያፍስሱት» አለች። የልጁን ሸሚዝ ቀደደች። አንዱን ጐልማሳ ካርቶን ሰጥታ እንዲያራግብ፣ ሌላውን ከበርሜል ውሃ እንዲያመላልስ፣ አንዱን ብላቴና ዓሣ ከሚሸጡት ዘንድ በረዶ እንዲያመጣ አዘዘች። በረዶውንም በጨርቅ ጠቅልላ በአንገቱ፣ በብብቱና በብሽሽቱ አደረገች። ሶማልኛ የሚያውቀውን ታክሲ እንዲጠራ፣ ፈረንሳይኛ የምታውቀውን ደግሞ አብራ ወደ ሐኪም ቤት እንድትሄድ መረጠች። ልጁ ሲያስመልሰው በጐኑ አስተኝታ አፉን በጣትዋ የጠረገች ግን እርስዋ ራስዋ ነበረች፤ ይህን ሥራ ለማንም አላዘዘችም።

እኛ ነጠላውን ይዘን ቆምን። እጃችን እስኪዝል ድረስ ቆምን። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ቀን በዚያ ከተማ ከሠራነው ሁሉ ለሰው የጠቀመው ይህ ሥራ ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? አንዳንዶች «ታዲያ መጸለያችሁ ስሕተት ነበርን?» ብለው ይጠይቁናል። አልነበረም። ስሕተታችን አየሩን መዝጋታችን ነው። በፀሐይ የተመታ ሰው ሰውነቱ ሙቀቱን የሚያወጣበት መንገድ ተዘግቶበታል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ካልበረደ አንጐሉና ኵላሊቱ ይጐዳሉ፤ ይሞታልም። እኛ ግን በዙሪያው ተንበርክከን ለሌላው ሰው መከበቢያ ሆንን። ለዚያ ልጅ የሚያስፈልገው ጥላ፣ ውሃና ነፋስ ነበር። የሚያስፈልገውን ከመስጠት በፊት እኛ የምናውቀውን ሰጠነው። ሕመምተኛን በመጠየቅ ረገድ የምንስተው ስሕተት ሁሉ ከዚህ አንድ ምንጭ የሚቀዳ ይመስለናል፤ በሽተኛውን ሳናይ ልማዳችንን እናደርጋለን።

አሁን ወደ ተነበበው ክፍል እንመለስ። ስለ ደጉ ሳምራዊ ብዙ ጊዜ ሰብከናል፤ የሰበክነውም ስለ ርኅራኄው ነው። ወንጌላዊው ግን የጻፈው የሥራውን ቅደም ተከተል ነው። ሰውየው አየ፤ ቀረበ፤ ቍስሉን አጠበ፤ አሰረ፤ በራሱ እንስሳ ጭኖ ወሰደ፤ ያን ሌሊት በማደሪያው ጠበቀው። በማግሥቱ ግን መሄድ ነበረበት፤ ሥራ ነበረውና። ስለዚህ በሽተኛውን ለእንግዶች ማደሪያ ጠባቂ አስረከበ፤ ገንዘቡን ቈጥሮ ሰጠ፤ ተጨማሪ ወጪ ቢያስፈልግ ሲመለስ እንደሚከፍል ተስማማ። አብዛኞቻችን ሰባክያን ይህን የመጨረሻውን ክፍል በችኰላ እናልፈዋለን። ነርሶች ግን ወዲያው ያስተውሉታል፤ የዕለት ሥራቸው ነውና። አንዲት ነርስ ተራዋን ጨርሳ ስትወጣ ለምትተካት ነርስ የእያንዳንዱን ሕመምተኛ ነገር ትነግራለች፤ ምን መድኃኒት በስንት ሰዓት እንደ ተሰጠው፣ ምን እንደ በላ፣ ሽንቱ ምን ያህል እንደ ሆነ፣ ሌሊቱን ምን እንዳስፈራት። በዚህ ርክክብ ላይ አንዲት ቃል ብትጐድል ሰው ሊሞት ይችላል። በገበያው ያየናት እኅትም በታክሲው ለምትሄደው ሴት፣ ልጁ በስንት ሰዓት እንደ ወደቀ፣ ስንት ጊዜ እንዳስመለሰው፣ ምን እንደ ተደረገለት ሁለት ጊዜ ነግራ፣ መልሳ እንድትነግራት አደረገች።

ስለ መሪነትም የምንናገረው ከዚሁ ተነሥተን ነው። በእኛ ዘንድ መሪ የሚባለው ወንበሩ ከፊት የሆነ፣ ሲገባ ሰው የሚነሣለት ነው። በሕሙማን ክፍል ያለው መሪነት ግን በሌላ ነገር ይመዘናል። ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1859 (በዚህ ትምህርት ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ስለ አስታማሚነት በጻፈችው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ጥቃቅን አስተዳደር አንድ ምዕራፍ አላት። አሳብዋ በአጭሩ እንዲህ ነው፤ አንቺ ባለሽበት ጊዜ የሚደረገው መልካም ነገር ሁሉ አንቺ በሌለሽበት ጊዜም እንዲደረግ ካላሰናዳሽ፣ ትጋትሽ ለበሽተኛው እምብዛም አይጠቅመውም። ይህ ቃል ለነርስ ብቻ የተጻፈ አይደለም። ቄሱ ሲታመም ጸሎቱ የሚቋረጥበት፣ ገንዘብ ያዡ ሲሄድ ሒሳቡ የሚጠፋበት ማኅበር ስንት ነው?

የዚህች ሴት ታሪክ ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጋር የተገናኘ መሆኑን ሁሉም አያውቅም። በጀርመን አገር በራይን ወንዝ ዳር ካይዘርስቨርት በምትባል ትንሽ ከተማ ቴዎዶር ፍሊድነር የሚባል ፓስተር ነበረ። የምእመናኑ እንጀራ የነበረው የሐር ፋብሪካ ከሥሮ ሲዘጋ ገንዘብ ለመለመን ወደ ሆላንድና ወደ እንግሊዝ ሄደ፤ በዚያም ስለ ድኾች፣ ስለ እስረኞችና ስለ ሕሙማን የሚደረገውን ሥራ አይቶ ተመለሰ። በ1836 ከሚስቱ ከፍሪደሪከ ጋር ሕሙማንን የሚያገለግሉ ሴት ዲያቆናት የሚሠለጥኑበትን ቤት ከፈተ። ለዚህ አገልግሎት ምሳሌ ያደረጉትም ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ መልእክት መጨረሻ አደራ ብሎ የሚያስተዋውቃትን ፌቤንን ነው። ፌቤን የክንክራኦስ ማኅበር አገልጋይ ነበረች። ክንክራኦስ ደግሞ የቆሮንቶስ ወደብ ናት፤ መርከበኛውና ተሸካሚው፣ እንግዳውና ስደተኛው የሚታመምባት ቦታ። ጅቡቲን ካየን በኋላ ይህችን ሴት በዐይነ ልቡናችን ለማየት ቀሎናል።

ናይቲንጌል በ1851 ወደ ካይዘርስቨርት ሄዳ ለሦስት ወራት ያህል ተማረች። ከብዙ ዘመን በኋላ ስለዚያ ቤት ስትጽፍ የእኅቶቹን ትጋትና የልባቸውን ንጽሕና እጅግ አመሰገነች፤ የበሽተኛው አያያዝ ግን ከቍጥር የማይገባ፣ የቤቱም ጽዳት መጥፎ እንደ ነበረ ሳትሸሽግ ተናገረች። ይህን ምስክርነት በመንፈሳዊ መጽሔት ላይ ማውጣት ለአንዳንድ ሰው ደስ አይለው ይሆናል። እኛ ግን ሁለቱም ቃል መነገር አለበት እንላለን። የአስታማሚዋ ልብ ንጹሕ ሆኖ እጅዋ ንጹሕ ካልሆነ፣ በሽተኛው የሚያገኘው ከእጅዋ የሚመጣውን ነው።

እርስዋም ብትሆን ይህን የተማረችው በብዙ ሰው ሞት ነው። በ1854 ከ38 ሴቶች ጋር ከቍስጥንጥንያ ማዶ ወዳለው ወደ ስኩታሪ የጦር ሆስፒታል ሄደች። በዚያ ክረምት ወታደሮቹ ከቍስል ይልቅ በተቅማጥ፣ በኮሌራና በተስቦ ረገፉ። ምግቡና ልብሱ በእርስዋ ትጋት ተሻሻለ፤ ሞቱ ግን አልቆመም፤ ሕንፃው የተሠራው በተደፈነ የቈሻሻ ቦይ ላይ ነበርና። በመጋቢት 1855 ከእንግሊዝ የመጡ የጤና ጠበብት ቦዩን ካስጠረጉና አየሩን ካስከፈቱ በኋላ ሞቱ ቀነሰ። ናይቲንጌል ወደ አገርዋ ተመልሳ የሟቾቹን ቍጥር ስትመረምር ይህን ተረዳች፤ አልሸሸገችውምም። ቍጥሩን በሥዕል አድርጋ ለመንግሥት አሳየች፤ በቀረው ዘመንዋም ስለ አየር፣ ስለ ውሃና ስለ ፍሳሽ ተከራከረች። በ1860 በለንደን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል በስምዋ የተከፈተው የነርሶች ትምህርት ቤት በዚህ ዕውቀት የተመሠረተ ነው። ሰው ሁሉ የሚያከብራት መብራት ይዛ በሌሊት በመዞርዋ ነው፤ እኛ ግን ስሕተትን በቍጥር ለመመርመር በነበራት ድፍረት የበለጠ እናከብራታለን።

የእኛም አገር የነርስነት ታሪክ ከጅቡቲ ጋር የሚያያዝበት አንድ ክር አለ። በ1936 በግንቦት ወር መጀመሪያ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ ሰባቸው ጋር በባቡር ጅቡቲ ወርደው በእንግሊዝ የጦር መርከብ ለስደት ሲሄዱ ገና 17 ዓመት ያልሞላቸው ልጃቸው ልዕልት ፀሐይ አብረው ነበሩ። ልዕልቲቱ በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው እንደ ማንኛዋም ተማሪ ነርስነትን ተማሩ፤ በ1939 ፈጽመው ቀጥሎም በጋይስ ሆስፒታል ሠሩ። የንጉሥ ልጅ የሰው ልጅን ቍስል ለማጠብ ትምህርት መግባትዋን በዚያ ዘመን በአገራችን ስንቱ ይረዳው ነበር? በሽተኛን ማጠብና ፖፖ መድፋት የሎሌ ሥራ ሆኖ ይቈጠር ነበርና። በ1941 ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በ1942 በነሐሴ ወር ግን በወለጋ በነቀምት ሳሉ በወሊድ ምክንያት በ22 ዓመታቸው ዐረፉ። እንግሊዛዊቱ ሲልቪያ ፓንክኸርስትና ባልንጀሮችዋ ገንዘብ አሰባስበው በስማቸው የታነጸው ሆስፒታል በ1951 በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ ነርሶችም ይማሩበት ጀመር። ከ1974 አብዮት በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተብሏል።

ከዚያም በፊት በሚስዮን ሐኪም ቤቶች ድሬሰር እየተባሉ ያገለገሉ ብዙዎች ናቸው፤ ስማቸው በመዝገብ አልተጻፈም። በጦርነቱም ጊዜ በዶክተር ፍሪደ ሂላንደር የሚመራው የስዊድን ቀይ መስቀል ቡድን በመልካ ዲዳ በታኅሣሥ 1935 በቦምብ ሲደበደብ፣ ድንኳን ውስጥ የተኙ ሕሙማን ከመሞታቸውም በላይ ረዳቱ ጉናር ሉንድስትሮም በደረሰበት ቍስል ሕይወቱን ሰጥቷል። በእኛ ዘመን ደግሞ ከ2003 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚባሉ ከ30 ሺህ በላይ የሆኑ ሴቶች ልጆቻችን ለአንድ ዓመት ያህል ሠልጥነው በየቀበሌው ሁለት ሁለት እየሆኑ ተመድበዋል። ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ክትባትና ስለ ወሊድ ያስተምራሉ። በየማኅበራችን ያሉትን እነዚህን ልጆች ከመድረክ ላይ ስማቸውን ጠርተን የጸለይንላቸው ስንት ጊዜ ነው? የመዘምራንን ጕዞ ግን በየሳምንቱ እናስታውቃለን።

ስለ ጥየቃ ልማዳችንም ጥቂት ቃል እንጨምር። የታመመን መጠየቅ በአገራችን የተወደደ ልማድ ነው፤ እግዚአብሔር አያጥፋብን። ነገር ግን እንደ ጅቡቲው ሕዝብ አየር የምንዘጋበት ጊዜ ብዙ ነው። ዐሥር ሆነን እንገባለን፤ መስኮቱ «ምች እንዳይመታው» ተብሎ ይዘጋል፤ አንዱ «የእገሌም ሕመም እንዲህ ነበረ የጀመረው፤ ዐርባው ባለፈው ሳምንት ወጣ» ይላል። ሌላው ከሐኪሙ ትእዛዝ ውጭ የሆነ ምግብ ያጐርሳል። ከበር ውጭ ቆመን እናንሾካሹካለን፤ በሽተኛውም ስለ ሞቱ የምንመክር መስሎት ልቡ ይርዳል። ናይቲንጌል በመጽሐፍዋ ከጩኸት ይልቅ ሹክሹክታ በሽተኛን እንደሚጐዳ ጽፋለች፤ የእኛን አገር ያየች ይመስላል። የሚጠይቅ ሰው ሲገባ እጁን ይታጠብ፤ ይቀመጥ እንጂ በራስጌ አይቁም፤ ጸሎቱ አጭርና በሽተኛው ሊሰማው የሚችል ይሁን፤ ሲወጣም አስታማሚውን «አንተስ በልተሃልን? ተኝተሃልን?» ብሎ ይጠይቅ። በሆስፒታሎቻችን ሕመምተኛው ከዘመዶቹ አንድ አስታማሚ አብሮት እንደሚያድር ታውቃላችሁ። ያ ሰው በወለል ላይ እየተኛ ሳምንታት ያሳልፋል፤ የሚያስታውሰውም የለም። ዘመድ የሌለው ድኻ ደግሞ ውሃ የሚያቀብለው እንኳ ያጣል።

የመጨረሻው ነገር የራሳችን በደል ነው፤ ለመጻፍም ከበደን። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምናገለግልበት ማኅበር አንዲት ነርስ እኅት ከመዘምራን ጋር ታገለግል ነበር። እሑድ እሑድ በተደጋጋሚ በመቅረትዋ ሽማግሌዎች ነገርዋን አነሡ። የሌሊት ተራ እንደምትሠራ፣ ጧት ስትወጣም ለመቆም እንኳ አቅም እንደሚያንሳት ተናገረች። እኛም ነገሩን ሳንመረምር «ሥርዐት ለሁሉ እኩል ነው» ብለን ስምዋ ከመዝገብ እንዲሰረዝ ፈቀድን። እርስዋም ምንም አልመለሰችም፤ ከኋላ ወንበር መቀመጥ ጀመረች፤ በኋላም ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረች። በማዕከላዊው ገበያ ነጠላውን ዘርግተን በቆምንበት ሰዓት በአሳባችን የመጣችው እርስዋ ናት። እኛ በመኝታችን ሳለን እርስዋ የሰው ነፍስ ስትጠብቅ ታድር ነበር፤ ጧት ደግሞ ስለ ቅዳሜ ሌሊት ድካምዋ በእሑድ መዝገብ ከሰስናት።

ያ ወጣት ከሦስት ቀን በኋላ ዐይኑን ገልጦ ተቀምጦ አገኘነው። ማን እንዳዳነው አያውቅም ነበር፤ ስለ ሽንኩርቱ ጆንያ ግን አጥብቆ ጠየቀን፤ ባለቤቱ ዋጋውን ያስከፍለኛል ብሎ ፈርቶ ነበርና። ነገሩን ከባለ ሽንኩርቱ ጋር ጨረስንለት። ከዚያም ወደ አገራችን እንደ ተመለስን ለዚያች ከመዘምራን ለወጣች እኅት ይቅርታ የሚለምን ደብዳቤ ጻፍን፤ ደብዳቤውንም ከመላካችን በፊት በሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ አነበብነው።

መልስዋ ባለፈው ወር ደረሰን። ስለ መዘምራኑ ነገር አንድም ቃል አልነበረበትም። በእኛ ከተማ ሆስፒታል የምትሠራ ባልንጀራዋ የነገረቻትን ነው የጻፈችልን። ዘመድ የሌላቸው ሦስት ሕሙማን በወንዶች ክፍል ተኝተዋል፤ ጠያቂ ሁሉ የሚመጣው እሑድ ከሰዓት በኋላ ስለ ሆነ በሥራ ቀን ማታ ማታ ውሃ የሚያቀብላቸው የለም፤ ለክፍሉ ያለችው የሌሊት ነርስ አንዲት ብቻ ናት። ሽማግሌዎች በተራ ቢመደቡ፣ ሳሙናና ፎጣ የራሳቸውን ይዘው ቢመጡ፣ ከሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ቢቈዩ ይበቃል ትላለች። በደብዳቤው ጀርባ የሰባቱን ቀኖች ስም በተራ ጽፋ በአጠገባቸው ባዶ መስመር አስምራለች። በስብሰባው ላይ ወረቀቱ ዞረ፤ ማክሰኞን እኛ ወሰድን፤ ዐርብና ቅዳሜ ገና ሰው ይፈልጋሉ።